የዕንባቆም ጸሎት፤ ስለ ደስታና ስለ ኀይል የቀረበ ትችት

በእግዚአብሔር ማመን ለሰው ደስታንና ኀይልን ይሰጣል የሚለው ቃል በሀገራችን በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ ሲነገር የኖረ ነው። ቃሉ እጅግ የታወቀ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ያልፋል። ደስታው ከየት ይመጣል? ከምን በኋላ ይመጣል? ኀይሉስ ለምን ሥራ የሚሆን ኀይል ነው? በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን አንድ አጭር የብሉይ ኪዳን መጽሐፍ፣ ይኸውም ትንቢተ ዕንባቆምን፣ በተለይም ምዕራፍ 3ን፣ ለመመርመር አስበናል። ዓላማችን ስብከት አይደለም፤ ለስብከት ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለንም። መጽሐፉን እንደ አንድ ድርሰት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበን፣ በልማድ የምንሰማው አተረጓጐም ከድርሰቱ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ለማየት ነው።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣንን ነገር በቅድሚያ ብንገልጽ አንባቢ ይቅር እንዲለን እንለምናለን። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር በጧት ጸሎት ጊዜ በቃል የምናጠናቸው ጥቅሶች ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ የዕንባቆም መጨረሻ ነው፤ ዛፉ ባያፈራ፣ እርሻው እህል ባይሰጥ፣ በረቱም ባዶ ቢሆን ነቢዩ በአምላኩ እንደሚደሰት የሚናገረው ክፍል ማለት ነው። በአንድ የጥቅምት ወር ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ከቤቱ ደብዳቤ ደረሰው። ያሸተውን ጤፍ በረዶ መትቶት ኖሮ፣ አባቱ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ለመሸጥ ተገደዋል። በሳምንቱ ያንን ጥቅስ በአንድነት ስንል እርሱ ዝም አለ። ጸሎቱን የሚመሩት መምህርም አይተውት ስለ ነበር፣ ፊትን ማጥቈር የእምነት ጒድለት መሆኑን በሁላችን ፊት ነገሩት። ማታ በመኝታ ቤት ጓደኛችን፣ «ለመሆኑ ነቢዩ እዚህ ላይ ከመድረሱ በፊት ምን ብሎ ነበር?» ሲል ጠየቀን። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም፤ ከመጽሐፉ የምናውቀው ሦስት ቊጥር ብቻ ነበርና። ጓደኛችን ከገና ዕረፍት በኋላ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

1. ነቢዩና ዘመኑ

ትንቢተ ዕንባቆም ከአሥራ ሁለቱ ደቂቀ ነቢያት መጻሕፍት አንዱ ሲሆን ምዕራፎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ስለ ነቢዩ ሕይወት መጽሐፉ የሚነግረን የለም፤ የአባቱን ስም እንኳ አይጠቅስም። ዘመኑን ለመገመት የምንችለው የከለዳውያንን መነሣት ስለሚናገር ነው። ባቢሎናውያን የግብፅን ጦር በከርከሚሽ ድል ያደረጉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ605 ዓመት ነው። ኢየሩሳሌምን በ597 ያዙ፤ ከተማይቱንና ቤተ መቅደሱን ደግሞ በ586 አፈረሱ። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት መጽሐፉን ከ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጋር ያያይዙታል።

ይህን ማስታወስ ለአተረጓጐማችን ይጠቅማል። ነቢዩ ስለ ባዶ በረትና ስለ ደረቀ ወይን ሲናገር ለጌጥ ያመጣው ምሳሌ አይደለም። የጠላት ጦር ባለፈበት ሀገር ዛፍ ይቈረጣል፤ እህል ይቃጠላል፤ ከብት ይነዳል። አድማጮቹ ነገሩን በዐይናቸው ያዩት ወይም ሊያዩት የተቃረቡ ሰዎች ነበሩ። የነቢዩ ደስታም መከራውን አልከለከለውም፤ ባቢሎናውያን መጥተዋል፤ ከተማይቱም ፈርሳለች። እንግዲህ የዚህ መጽሐፍ ደስታ ያመነ ሰው ክፉ አያገኘውም ከሚል ተስፋ የተወለደ አይደለም።

2. ደስታው ከምን በኋላ መጣ?

ጓደኛችን የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ መልሱም በምዕራፍ 1 መጀመሪያ ላይ ይገኛል። መጽሐፉ የሚከፈተው በምስጋና ሳይሆን በአቤቱታ ነው። ነቢዩ እስከ መቼ ድረስ ጮኾ እንደማይሰማ እግዚአብሔርን ይጠይቃል። ግፍና ዝርፊያ በፊቱ ነው፤ ሕግ ላልቷል፤ ፍርድም ጠማማ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ይህ የመጀመሪያው አቤቱታ ስለ ባዕድ ጠላት አይደለም፤ በገዛ ሕዝቡ መካከል ስላለው ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከእግዚአብሔር የመጣለት መልስ ደግሞ ጭንቀቱን ያባብሰዋል፤ ከለዳውያን ይመጣሉ የሚል ነውና። ነቢዩ ይህን ሰምቶ «ይሁን» ብሎ አይቀመጥም። ክፉው ከእርሱ የሚሻለውን ሲውጥ እንዴት ዝም ትላለህ የሚል ሁለተኛ አቤቱታ ያቀርባል፤ ሰዎች በመንጠቆና በመረብ እንደሚሰበሰቡ ዓሣዎች መሆናቸውንም ይናገራል። በምዕራፍ 2 መጀመሪያ ላይም እንደ ዘብ በመጠበቂያው ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ይህ ሁኔታ አንድ ባለጉዳይ አቤቱታውን አስገብቶ ፍርድ እስኪሰማ ከደጅ የማይነቃነቅበትን የሀገራችንን ልማድ ያስታውሰናል። ደጅ የሚጠና ሰው ተስፋ የቈረጠ ሰው አይደለም፤ ተስፋ የቈረጠ ቤቱ ይቀመጣል።

ጻድቅ በእምነቱ ሕያው እንደሚሆን የሚናገረውና ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎችና ለገላትያ ሰዎች በጻፈ ጊዜ የጠቀሰው ዐሳብ የሚገኘው በዚሁ በምዕራፍ 2 ነው። እንግዲህ «እምነት» የተባለው ነገር ከአቤቱታው ጋር የሚጣላ አይደለም፤ አቤቱታውን ይዞ በደጅ የሚያስቆመው ብርታት እርሱ ነው። ከዚያም የራሱ ያልሆነውን በሚያከማች፣ በግፍ ትርፍ ቤቱን በሚሠራ፣ ከተማን በደም በሚመሠርት፣ ባልንጀራውን አስክሮ በሚያዋርድና ጣዖትን በሚያመልክ ላይ አምስት ወዮታዎች ይነገራሉ። ምዕራፍ 3 የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያጠናናቸው ሦስት ቊጥሮችም የዚያ የመጨረሻ ምዕራፍ መጨረሻ ናቸው። መደምደሚያውን ተምረን ነገሩን አልተማርንም ማለት ነው።

3. የጸሎቱ አሠራር

ምዕራፍ 3 ለዜማ የተዘጋጀ ግጥም ነው። በመጀመሪያው የዜማ ምልክት አለበት፤ በመካከሉም «ሴላ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ይገኛል፤ በመጨረሻም በአውታር መሣሪያ እንዲዜም ለመዘምራን አለቃ ተሰጥቷል። ገጣሚው በመጀመሪያ እግዚአብሔር ከቴማንና ከፋራን ተራራ ሲመጣ፣ ተራሮች ሲናወጡ፣ ፀሐይና ጨረቃ ሲቆሙ ያሳየናል። ከዚያም ድንገት ወደ ራሱ ሰውነት ይመለሳል፤ ሆዱ ይታወካል፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ አጥንቱ ይዝላል፤ እግሩም ይብረከረካል። ስለ ደስታ የሚናገረው ወዲያውኑ ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚደሰተውና የሚንቀጠቀጠው አንድ ሰው ነው፤ መንቀጥቀጡ ስለ ቆመ ደስ አለው የሚል ቃል በግጥሙ ውስጥ አናገኝም።

የጥፋቱ ዝርዝርም በጥንቃቄ የተደረደረ ነው። ስድስት ነገሮች ተቈጥረዋል፤ በለስ፣ ወይን፣ ወይራ፣ እርሻ፣ የበግ መንጋና በበረት ያሉ ከብቶች። ስድስቱ እኩል አይደሉም። በለስ ባይኖር ሰው ጣፋጭ ያጣል፤ ወይንና ዘይት ባይኖር ማዕዱ ይጐድላል፤ እርሻው ባይሰጥ ግን ይራባል። በረቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ የሚመጣው ዓመትም አብሮ ይጠፋል። ይህን ለመረዳት የዕብራይስጥ ዕውቀት አያስፈልግም፤ አንድ የጤፍ ገበሬ አንድ በሬ ሲቀረው ምን እንደሚሆን ማወቅ ይበቃል። ጓደኛችን ከሁላችን ይልቅ ግጥሙን ተረድቶት የነበረ ይመስለናል፤ ዝም ያለውም ስለዚሁ ነው።

የመጨረሻው ሥዕል የዋላ እግር ነው። ገጣሚው እግዚአብሔር ኀይሉ ስለ ሆነ እግሩ እንደ ዋላ እግር ሆኖ በከፍታ ላይ ይሄዳል። ቀደም ብሎ የተብረከረከው እግር መሆኑን እናስታውስ፤ ገጣሚው ያንኑ የሰውነት ክፍል መልሶ ማንሣቱ ያለ ምክንያት አይመስለንም። ደግሞም ገደሉ ሜዳ ይሆናል አልተባለም፤ ገደሉ እንዳለ ነው። በሰሜን ተራሮች ዋልያ በገደል አፋፍ ላይ ሲሄድ ያየ ሰው ሥዕሉን አይስተውም። የተሰጠው ነገር በገደል ላይ የሚቆም እግር ነው። በእኛ አስተያየት በዚህ ግጥም ኀይል ማለት ይኸው ነው።

4. ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አተረጓጐም ላይ ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው የሊቃውንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱ የዕንባቆም ሐተታ ነው። ይህ ሐተታ የሚያትተው ምዕራፍ 1ንና 2ን ብቻ ስለ ሆነ፣ ምዕራፍ 3 በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እንዲህ ከሆነ ከአቤቱታ ወደ ደስታ የሚወስደው መንገድ የነቢዩ ሳይሆን የሰብሳቢው ነው ማለት ይቻላል። እኛ ግን ይህ ክርክራችንን ያፈርሰዋል ብለን አናምንም። በሙረባዓት የተገኘው የዕብራይስጥ የአሥራ ሁለቱ ነቢያት ጥቅልል ምዕራፍ 3ንም ይዟል። ደግሞም ጸሎቱን በዚያ ቦታ ያኖረው ሌላ እጅ ቢሆን እንኳ፣ ያ ሰው ደስታው ከአቤቱታው በኋላ መነበብ እንዳለበት ፈርዷል ማለት ነው። የፍርዱ ዋጋ በጸሓፊው ስም አይለወጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው ጽሑፍ ሃይማኖትን ለሕዝብ ሕመም ማደንዘዣ ከሚሆን ኦፒየም ጋር አመሳስሎታል። በባዶ በረት ፊት ቆሞ ደስ ይለኛል የሚል ሰው ማደንዘዣ የወሰደ ሰው አይደለምን? ይህን ጥያቄ በቊጣ ማባረር አይገባም። ሦስቱ ቊጥሮች ተቈርጠው ሲነበቡ ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ በጓደኛችን ላይ የደረሰውም ማደንዘዣ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው ለማለት ይቻላል። መጽሐፉ በሙሉ ሲነበብ ግን ነገሩ ይለወጣል። የደነዘዘ ሰው ሕመሙን ለይቶ አይቈጥርም፤ ነቢዩ ግን ስድስቱንም አንድ በአንድ ቈጥሯል። የደነዘዘ ሰው ፍርድ ጠመመ ብሎ አይጮኽም፤ ነቢዩ ግን ሁለት ጊዜ ጮኾአል።

5. ጸሎቱ የጐደለው ነገር

ትችት እንደ መሆኑ መጠን የድርሰቱንም ጒድለት መናገር ይገባናል። በመጨረሻዎቹ ቊጥሮች የሚናገረው «እኔ» ብቻ ነው። ጐረቤት የለም፤ በረቱ ባዶ የሆነበት ሌላ ሰው አይታይም፤ ደስታው ወደ ሌላ ሰው እጅ የሚደርስበት መንገድም አልተነገረም። ይህን ጒድለት የሚሞላ ሌላ ክፍል በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 እናገኛለን።

በዚያ ምዕራፍ ሕዝቡ በውሃ በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰብስቦ፣ ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር የሕጉን መጽሐፍ ሲያነብ ይሰማል፤ ሰምቶም ያለቅሳል። መሪዎቹም እንዳያዝኑ፣ ከእግዚአብሔር የሚመጣው ደስታ ብርታታቸው መሆኑን ይነግሯቸዋል። በዕብራይስጡ ለብርታት የገባው ቃል መጠጊያ ወይም ምሽግ የሚል ትርጒም አለው፤ በእኛ ሀገር ቋንቋ አምባ ብንለው ከዐሳቡ አንርቅም። ነገር ግን በዚያው ንግግር ውስጥ ብሉ፣ ጠጡ፣ ምንም ላላዘጋጀውም ድርሻውን ላኩለት የሚል ትእዛዝ አለ። ደስታው የሚጀምረው ከተላከው ሳሕን ጋር ነው።

የመጽሐፉም ቅደም ተከተል ትምህርት ይሰጣል። በምዕራፍ 5 ድኾች በዕዳ ምክንያት እርሻቸውንና ወይናቸውን ማስያዛቸውን፣ ልጆቻቸውንም ለባርነት መስጠታቸውን ይጮኻሉ፤ ነህምያም መኳንንቱን ወቅሶ የያዙትን ያስመልሳቸዋል። በምዕራፍ 6 ቅጥሩ በ52 ቀን ይፈጸማል። የደስታው ቃል በምዕራፍ 8 የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ነህምያ ዕዳ ላስጨነቀው ገበሬ አስቀድሞ ደስ ይበልህ አላለውም፤ አስቀድሞ እርሻውን አስመለሰለት።

በሐዲስ ኪዳንም የምናየው ከዚህ የተለየ አይደለም። ጳውሎስ ከእስር ቤት ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው መልእክት አራት ምዕራፍ ብቻ ሲሆን ደስታን የሚመለከቱ ቃላት 16 ጊዜ ያህል ይገኙበታል። ሆኖም በዚሁ መልእክት አፍሮዲጡ በታመመ ጊዜ፣ ቢሞትበት ኖሮ ኀዘን በኀዘን ላይ ይጨመርበት እንደ ነበር ሳያፍር ይናገራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ደግሞ እርሱና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ በመንፈቀ ሌሊት ይዘምራሉ። በማግሥቱ ገዢዎቹ በስውር ሊለቋቸው ሲፈልጉ ግን ጳውሎስ እንቢ ይላል፤ የሮሜ ዜጎች ሆነው ያለ ፍርድ ተገርፈዋልና ገዢዎቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያስወጧቸው ይጠይቃል። ሌሊት መዝሙር፣ ጧት የፍርድ ጥያቄ፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ ወጥተዋል።

6. ነገሩ በሀገራችን

ጸሎተ ዕንባቆም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በግዕዙ ዳዊት ከመዝሙራቱ ቀጥለው ከሚገኙት 15 የነቢያት ጸሎቶች አንዱ ነው። እዚያም የተጻፈው ምዕራፍ 3 ብቻ ስለ ሆነ፣ ዳዊት ደጋሚውም እንደ እኛው ያለ አቤቱታው ያነበዋል ይባል ይሆናል። ነገር ግን ልዩነት አለ። ዳዊት ደጋሚው ወደዚያ ጸሎት የሚደርሰው ብዙ የልቅሶና የአቤቱታ መዝሙር ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ግን አንዲት ጥቅስ በአንዲት ወረቀት ላይ ተቀበልን። በዚህ ረገድ ፊደል የቈጠሩ አያቶቻችን ከእኛ የተሻለ አንባቢዎች ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ባዶ በረትም ሀገራችን የራሷ ታሪክ አላት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉ ቀን ጊዜ የከብት እልቂት አብዛኛውን በሬ ፈጅቶ ገበሬው የሚያርስበት አጥቶ ነበር። ያ የከብት በሽታ በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። ክፉውን በመልካም ስም መጥራት በብዙ ቦታ የታወቀ ልማድ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ይመጣል ተብሎ ይፈራልና። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል፤ መከራን ደስታ ብሎ የመጥራት ልማድ ግን አልጠፋም። ያ የጧት ጸሎታችን የዚህ ልማድ ሌላ መልክ ነበር። ዕንባቆም ግን ባዶውን በረት ባዶ በረት ይለዋል፤ ደስታንም በሌላ ስፍራ ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ነው።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ በገባ ጊዜ መንግሥት ነገሩ እንዲገለጥ አልፈለገም ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ስፍራው ሄደው የተራቡትን ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው ያሳዩ መምህራን ነበሩ። ሥራቸው የዕንባቆም ምዕራፍ 1 ሥራ ነው እንላለን፤ ግፍ በፊቴ ነው ብሎ መናገር ነውና። በዚያን ጊዜ ለወሎ ገበሬ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቊጥሮች ብቻ ያነበበለት ሰው ቢኖር፣ ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ አንባቢው ሐሰተኛ በሆነ ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የምንደርስበት ውጤት አጭር ነው። በእግዚአብሔር በማመን ደስታና ኀይል ይገኛል የሚለው ቃል በትንቢተ ዕንባቆም ውስጥ ጸንቶ ይቆማል፤ የሚቆመው ግን በቦታው ነው። ከበፊቱ አቤቱታ አለ፤ በውስጡ የሚንቀጠቀጥ ሰውነት አለ፤ ከአጠገቡም ነህምያ እንደሚያስተምረን ላጣው የሚላክ ድርሻ መኖር አለበት። ከእነዚህ ተለይቶ የተነገረ ደስታ በሐዘንተኛ ላይ የሚጫን ሌላ ሸክም ይሆናል።

መምህራችንን ለመውቀስ ይህን አልጻፍንም። እርሳቸውም የተቀበሉትን ነው የሰጡን፤ ምናልባትም እርሳቸው ራሳቸው ሦስቱን ቊጥር ብቻ ተምረው ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የራሳችንን ጥፋት እናስታውሳለን፤ በዚያች ሌሊት በመኝታ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ያልነበረው አልጋ አልነበረም። ተነሥቶ ሁለት ቅጠል ወደ ኋላ የገለጠ ግን ከመካከላችን አልተገኘም። ገልጠን ቢሆን ኖሮ ለጓደኛችን፣ «ነቢዩ በመጀመሪያ እንደ አንተ ጠይቋል» ልንለው እንችል ነበር። ለሬሳ ሣጥን መዋጮ የምናዋጣ ተማሪዎች ለአንድ በሬ ዋጋም ጥቂት ለማዋጣት አያቅተንም ነበር። ምናልባት ያን ጊዜ ጥቅሱን አብሮን ይል ነበር፤ ባይልም እንኳ ዝምታውን በእምነት ጒድለት የሚቈጥርበት አይኖርም ነበር።